መሬት ለመሬት የሚንሰራፋ ጽጌረዳ ለዲሲ አካባቢ ግቢ

ቤታችሁ ፊት ለፊት የሣር ማጨጃ የማይወጣው ዳገት አለ? ወይም በየበጋው ሣሩ የሚያርርበት የመንገድ ዳር ጠባብ ቦታ? ሣሩን እርሱትና ጽጌረዳ ትከሉበት። ወደ ላይ የሚረዝመውን ሳይሆን ወደ ጎን የሚንሰራፋውን። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ችግኝ መሸጫዎች በብዛት የምታገኙት ድሪፍት የሚባለውን ነው፤ ቁመቱ አንድ ጫማ ተኩል፣ ስፋቱ ሁለት ጫማ ተኩል ገደማ ይሆናል። ጀርመን አገር የተዳቀለው ፍላወር ካርፔትም አለ፣ እሱ ትንሽ ከፍም ሰፋም ይላል። ሁለቱም ከሜይ ጀምረው ውርጭ እስኪመታቸው እያረፉ ያብባሉ፣ ለእንቁጣጣሽም አበባ አይጠፋባቸውም። የደረቀ አበባ እየዞሩ መቁረጥ የለም፣ ራሱ ይረግፋል።

ሥራ የለውም ሲባል ግን ብዙ ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ተክሎ፣ ዞር ይላል። ሥራማ አለው፤ ልዩነቱ አብዛኛው ከመትከላችሁ በፊት መሆኑ ነው።

ከሁሉ በፊት አረሙን አጥፉ። አገር ቤት የምናውቀው ሰርዶ እዚህም አለ፣ ቤርሙዳ ይሉታል፣ ጠባዩም ያው ነው፦ ከላይ ስትነቅሉት ከሥር ይሄዳል። ጽጌረዳው ከተንሰራፋ በኋላ ሰርዶ መሀሉ ከገባ በየሳምንቱ እሾህ ውስጥ እጃችሁን እየሰደዳችሁ መንቀል ነው፣ አብዛኛው ሰው የሚሰለቸውም ያኔ ነው። ስለዚህ ሥሩን እየተከተላችሁ ቆፍራችሁ አውጡት፣ ጥቂት ሳምንት ጠብቁ፣ እንደገና ብቅ ያለውን ደግሞ ንቀሉ። ለመትከል አትቸኩሉ። ተራ ሣር ከሆነ ይቀላል፤ ካርቶን አንጥፋችሁ በውሃ አርሱትና ከላይ ማልች፣ ማለትም አፈር የሚሸፍን የእንጨት ፍርፋሪ፣ ጫኑበት።

ቦታው በቀን ቢያንስ ለ6 ሰዓት ያህል ጸሐይ ይፈልጋል፣ በተለይ የጠዋት ጸሐይ፣ ቅጠሉ ላይ ያደረውን ጤዛ ቶሎ ስለሚያደርቀው። አፈሩ እንደ አብዛኛው የዚህ አካባቢ ግቢ ቀይና የሚያጣብቅ ከሆነ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት። እስከ ማግስቱ ካልሰረገ ሥሩ ይበሰብሳል፣ አፈር ጨምራችሁ መደቡን ከፍ አድርጉት። ኮምፖስቱን ጉድጓዱ ውስጥ ብቻ ሳይሆን መደቡ ላይ በሙሉ ቀላቅሉት።

የሚተከለው በአፕሪል ወይም በሴፕቴምበር ነው፣ በጁላይ ሙቀት አትሞክሩት። ጉድጓዱ የችግኙን ዕቃ ሁለት እጥፍ ይስፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከዕቃው አይብለጥ። ድሪፍት ከሆነ በሁለት ጫማ ልዩነት ትከሉ፤ ዳገት ላይ ከሆነ ደግሞ የታችኛውን ረድፍ በላይኛው ክፍተት ትይዩ አድርጉት፣ ዝናብ አፈሩን ጠርጎ እንዳይወስደው። ከዚያ ሦስት ኢንች ያህል ማልች፣ ግንዱን ሳይነካ።

የመጀመሪያው በጋ ላይ ውሃ አትንፈጉት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመርጨት በሳምንት ሁለቴ ሥሩ ድረስ እስኪዘልቅ ማጠጣት ይሻላል፣ ቅጠሉን ሳታርሱ። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ከዋለ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያወጣው ፈንገስ ይይዘዋል። እነዚህ ዝርያዎች ይቋቋሙታል እንጂ ጨርሶ አይነካቸውም ማለት አይደለም።

ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ያለው ሥራ የአንድ ጠዋት ነው። ማርች ላይ፣ ፎርሲቲያ የሚባለው ቢጫ ቁጥቋጦ ሲያብብ፣ በአጥር መቀስ ግማሽ ያህሉን ቁረጡ። የትኛው ቅርንጫፍ፣ በየትኛው አቅጣጫ እያላችሁ አትጨነቁ፤ ያ ለሌላው ጽጌረዳ ነው። ቀስ ብሎ የሚሟሟ ማዳበሪያ በተኑና ጨረሳችሁ። ከኦገስት አጋማሽ በኋላ ግን ማዳበሪያ የለም፣ አዲስ የሚወጣውን ለጋ ውርጭ ይጨርሰዋል።

ጁን መጨረሻ ላይ የጃፓን ጥንዚዛ ይመጣል፣ አረንጓዴ ራስና የመዳብ ቀለም ያለው ክንፍ አለው። ጠዋት ገና ሳይነቃቃ ሳሙና ያለበት ባልዲ ውስጥ አራግፉት። ሱቅ የሚሸጠውን ወጥመድ አትግዙ፣ የሚያወጣው ሽታ ወጥመዱ ከሚይዘው በላይ የሰፈሩን ጥንዚዛ ሁሉ ወደ እናንተ ግቢ ይጠራል።

የምር የሚያስፈራው ሮዝ ሮዜት የሚባለው የጽጌረዳ በሽታ ነው። አዲስ ቅጠል ቀላ ማለቱ ያለ ነገር ነው። ቅላቱ ካልለቀቀ፣ ቅርንጫፉ እንደ መጥረጊያ ከተጨባበጠ፣ ለስላሳ እሾህም ከመጠን በላይ ካወጣ ግን ቫይረስ ነው፣ ነፋስ በሚያመጣት በዓይን የማትታይ ተባይ የሚተላለፍ። መድኃኒት የለውም። ሳታቅማሙ ከነሥሩ ንቀሉ፣ በፌስታል አስራችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉ፣ ኮምፖስት ውስጥ እንዳትከቱት። እየቆረጥኩ አድነዋለሁ ማለት የጎረቤቱንም ማስያዝ ነው።

አጋዘን ሰፈራችሁ የሚመላለስ ከሆነ እሾኹ አያስቆመውም፣ እምቡጡን እንደ ሰላጣ ይበላዋል። የሚያባርር ሽታ ያለው መርጫ ይሠራል፣ ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር እንደገና መርጨት አለባችሁ።