«ዋራንቲ አለው ብለውኝ ነበር»፦ አሜሪካ ውስጥ መኪና ለሚገዛ አዲስ ገቢ

ሞተሩ ከቆመ በኋላ «ዋራንቲ አለው ብለውኝ ነበር» የሚል ሰው፣ ወረቀቱን አምጣ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው የብድር ውሉን ነው። አሜሪካ ውስጥ መኪና ሲገዛ የአፍ ቃል ዋጋ የለውም፤ ሻጩ የአገር ልጅ ቢሆንም እንኳ።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ሦስት ነገር «ዋራንቲ» (ዋስትና) በሚል አንድ ስም ስለሚጠራ ነው። አንደኛው መኪናውን የሠራው ኩባንያ የሚሰጠው የፋብሪካ ዋስትና ነው። ሁለተኛው ዲለሩ (መኪና ሻጭ ድርጅቱ) ራሱ የሚገባው ነው። ሦስተኛው «ኤክስቴንድድ ዋራንቲ» እየተባለ የሚሸጠው ሲሆን፣ እሱ በገንዘብ የሚገዛ የጥገና ውል ነው፤ ብዙ ጊዜም መኪናውን የማያውቅ ሌላ ድርጅት ነው የሚያስተዳድረው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዋራንቲ አለው ወይ?» ሳይሆን «ሲበላሽ የሚከፍለው ማን ነው?» ይሁን።

የቶዮታና የሆንዳ የፋብሪካ ዋስትና ለጠቅላላው መኪና 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል፣ ለሞተርና ለካምቢዮ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው። ቀድሞ የሞላው ይዘጋዋል። ቆጠራው የሚጀምረው መኪናው አዲስ ሆኖ ለመጀመሪያው ባለቤት ከተሰጠበት ቀን ነው እንጂ እናንተ ከገዛችሁበት አይደለም። ሃዩንዳይና ኪያ የሚታወቁበት የ10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል የሞተርና የካምቢዮ ዋስትና ለመጀመሪያው ባለቤት ነው። ያገለገለውን የገዛ፣ ከኩባንያው ዲለር «ሰርቲፋይድ» (ተፈትሾ የተረጋገጠ) ተብሎ ካልተሸጠለት በቀር፣ ወደ 5 ዓመትና 60,000 ማይል ይወርዳል። የፍሬን ሸራ፣ የዝናብ መጥረጊያና ማጣሪያ በአገልግሎት የሚያልቁ ስለሆኑ በዚህ ውስጥ አይቆጠሩም።

የቼክ ኢንጅን መብራት በርቶ ካታሊቲክ ኮንቨርተር (ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ) ወይም የሞተሩ ኮምፒውተር ነው ከተባላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ማይሉን እዩ። ለእነዚህ ሁለቱ የፌዴራል የጭስ ሕግ 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል ዋስትና ያስገድዳል።

«ዘይት ውጭ ካስቀየርኩ ዋስትናው ይሰረዛል?» አይሰረዝም። ከ1975 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት ኩባንያው በነፃ እስካልሰጣችሁ ድረስ የራሱን ጋራዥ ወይም የራሱን ዕቃ ብቻ ተጠቀሙ ብሎ ማስገደድ አይችልም። ግን ዘይቱ በጊዜው መቀየሩን ማሳየት የእናንተ ሥራ ነው። ደረሰኙ ላይ ቀኑ፣ ማይሉና የዘይቱ ዓይነት ይኑር። ግቢ ውስጥ ራሳችሁ ከቀየራችሁ የዘይቱንና የማጣሪያውን ደረሰኝ አስቀምጡ፣ ማይሉን ጻፉበት። ደረሰኝ የሚጥል ሰው ሞተሩ ሲነክስ ኩባንያውን ባይወቅስ ጥሩ ነው።

ዲለር የሚሸጠው ያገለገለ መኪና መስኮት ላይ «ባየርስ ጋይድ» የሚባል ወረቀት መለጠፍ አለበት። «አዝ ኢዝ» (እንዳለ፣ ያለ ዋስትና) የሚለው ሳጥን ምልክት ካለበት፣ ከጊቢው ስትወጡ ካምቢዮው ቢወልቅ እዳው የእናንተ ነው። አንዳንድ ስቴቶች ይህን ይከለክላሉ፤ የምትኖሩበትን አጣሩ። «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚለው ወሬም ዲለር ቤት ሄዶ ለገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ስለዚህ ከመፈረም በፊት መካኒክ ያሳዩት።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ። ዋጋ ተስማምታችሁ፣ ደክሟችሁ፣ ወደ ፋይናንስ ክፍል ትገባላችሁ። እዚያ የተቀመጠው ሰው የጥገና ውሉን ጠቅላላ ዋጋ አይነግራችሁም፤ «በወር 58 ዶላር ብቻ» ይላል። ክሬዲት የሌለው አዲስ ገቢ በ12% ወለድ ለ72 ወር ቢበደር፣ የ3,000 ዶላር ውል በመጨረሻ 4,200 ዶላር ገደማ ይሆናል። ብድሩ የሚፈቀደው ውሉን ከገዛችሁ ብቻ ነው ካለ፣ ያንኑ በጽሑፍ ስጠኝ በሉት፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ይቀራል።

ከዋጋውም የሚብሰው ሌላ ነው። ብዙዎቻችን መኪና የምንገዛው ኡበር፣ ሊፍት ወይም ዶርዳሽ ለመሥራት ነው። ብዙ የጥገና ውሎች ደግሞ «የማይሸፈኑ» በሚለው ገጽ ላይ ለንግድ የዋለ መኪናን ያስወጣሉ። የሃዩንዳይ የ10 ዓመቱ ዋስትናም ታክሲንና ዕቃ ማድረስን አይጨምርም። ሻጩ ይህን አያነሳም፤ ገዢው አይጠይቅም። ካምቢዮው ሲሄድ የውሉ ድርጅት ማይሉን አይቶ ይጠይቃል፣ ጥያቄውን ውድቅ ያደርጋል፣ ወርሃዊው ክፍያ ግን አይቆምም። ራይድሼር (እንደ ኡበርና ሊፍት ያለ ሥራ) የሚሸፍን ውል አለ፤ ሻጩ «ይሸፍናል» ካለ አንቀጹን በጣቱ ያሳያችሁ። ቢሸፍንም ስሌቱን ሥሩ፦ በዓመት 40,000 ማይል የሚነዳ ሰው የ60,000 ማይል ሽፋን በዓመት ተኩል ይጨርሳል። በዚያ ላይ ድርጅቱ አስቀድሞ ሳይፈቅድ የተሠራ ጥገና አይከፈልም፤ ጋራዡ ከመፍታቱ በፊት ይደውል።

የጥገና ውሉን ፈርማችሁ ከሆነ ዛሬውኑ አንብቡት። አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ 30 ወይም 60 ቀናት ሙሉ ገንዘብ ይመልሳሉ፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ጊዜ ተሰልቶ ነው። የመሰረዣ ደብዳቤውን በጽሑፍ ስጡ፣ ኮፒ ያዙ። መኪናው በብድር ከሆነ ገንዘቡ ወደ አበዳሪው ሄዶ እዳውን ይቀንሳል እንጂ ወርሃዊውን ክፍያ አያወርድም፤ «አጭበረበሩኝ» ከማለት በፊት የእዳውን ቀሪ ተመልከቱ። «የመኪናዎ ዋራንቲ ሊያልቅ ነው» ብሎ ለሚደውል ደግሞ ስልኩን ዝጉ፤ መኪና ለሌለውም ይደውላል።

ሪኮል፣ ማለትም ኩባንያው ጉድለት ያለበትን መኪና ለጥገና መልሶ መጥራቱ፣ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ዋስትናው ቢያልቅም፣ ሦስተኛ ባለቤት ብትሆኑም፣ ሪኮሉ ሲታወጅ መኪናው ከተሸጠ 15 ዓመት እስካላለፈው ድረስ የደህንነት ሪኮል በነፃ ይሠራል። ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩን ቪን (የመኪናውን መለያ) ከሹፌሩ በኩል ካለው የመስታወት ጥግ ገልብጣችሁ የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ፣ ኤን ኤች ቲ ኤስ ኤ ዶት ጎቭ (nhtsa.gov)፣ ላይ አስገቡት። በርካሽ የተገኘ ከ2001 እስከ 2003 ሞዴል ሆንዳ ወይም አኩራ ከሆነ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የታካታ ኤርባጉ መቀየሩን አረጋግጡ። በአንዳንዶቹ ላይ ያለው ኤርባግ ሲፈነዳ ብረት ስለሚረጭ መንግሥት ሳይጠገኑ እንዳይነዱ አስጠንቅቋል።