ከጎጃም ወደ ውጭ ማራቶን፦ ሯጮቻችን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጮቄ ግርጌ እስከ ጣና ዳር፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው የሚሮጡ ልጆች ሞልተዋል። እግር አላነሳቸውም፣ ትንፋሽም አላነሳቸውም። 42.195 ኪሎ ሜትሩን ሳይጀምሩት ግን በደላላ፣ በወረቀት፣ በሰዓት ወይም በአንድ ፍሬ ኪኒን የሚሸነፉ አሉ። የሚከስረው ደግሞ ሯጩ ብቻ አይደለም፤ በሬ የሸጠው አባት፣ የዕቁብ ገንዘቧን ያወጣችው እናት አብረው ይከስራሉ።

ለደላላ ከብት መሸጥ

ከሁሉ የከፋው ይህ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። «የግብዣ ደብዳቤ አስመጣልሃለሁ፣ ቪዛው ያለቀ ነው፣ ብቻ መነሻ ክፈል» የሚል ሰው ሲመጣ፣ መጀመሪያ የማናጀርን አሠራር እወቁ። ትክክለኛ ማናጀር የሚከፈለው አትሌቱ ከሚያገኘው ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ 15 በመቶ። አትሌቱ ካላገኘ እሱም አያገኝም። ስለዚህ ፈጣን ልጅ ሲያይ ከውድድር አዘጋጆች ጋር ይነጋገራል እንጂ የገበሬ በሬ አያሸጥም። ገና ሳትሮጡ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው የሚተማመነው በእግራችሁ ሳይሆን በቤተሰባችሁ ጥሪት ነው። የዓለም አትሌቲክስ የበላይ አካል የሆነው ወርልድ አትሌቲክስ ፈቃድ ያላቸውን የአትሌት ወኪሎች ስም በድረ ገጹ ያወጣል፤ የቀረባችሁ ሰው እዚያ መኖር አለመኖሩን የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ።

የግብዣ ደብዳቤ እጃችሁ ከገባም በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ አታጣሩ። የውድድሩን ይፋዊ ድረ ገጽ ከፍታችሁ፣ እዚያ በምታገኙት አድራሻ ጽፋችሁ ጠይቁ። ሐሰተኛ ሰነድ ይዞ ኤምባሲ መግባት የዛሬውን ቪዛ ብቻ ሳይሆን የነገውንም ያበላሻል። በአትሌትነት የሚወዳደር ሰው የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፈቃድም ያስፈልገዋልና፣ ክለባችሁ ያንን ደብዳቤ ቀደም ብሎ እንዲጠይቅ ወትውቱ።

ስምና ዕድሜን በግምት ማስሞላት

በገጠር ልደት የሚታወሰው በበዓል ነው፤ «የጥምቀት ሰሞን ነው የወለድሁት» ትላለች እናት። ችግሩ የሚመጣው በእኛ አቆጣጠር የተነገረው ዓመት ሳይቀየር እንደ ፈረንጅ ዓመት ሲጻፍ ነው፤ ልጁ በአንድ ቀን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። በኋላ ለማስተካከል ሲሞከር ደግሞ ዕድሜ የማጭበርበር ጥርጣሬ ይከተላል። ስምም እንዲሁ ነው። በላቲን ፊደል በመታወቂያው አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ሌላ፣ በውድድር ምዝገባው ሦስተኛ ዓይነት ከተጻፈ፣ ከኤምባሲው መስኮት እስከ አውሮፕላን ትኬቱ ድረስ ያሰናክላል። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ገልብጡ።

ቪዛን ለመጨረሻ ሳምንት ማቆየት

ብዙዎቹን የአውሮፓ አገሮች ለሚያስገባው የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው እስከ 6 ወር ቀድሞ ሊገባ ይችላል፤ ውሳኔው በመደበኛው 15 ቀን፣ ሲጓተት እስከ 45 ቀን ይወስዳል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ዋስትናም ይጠየቃል። አሻራና ቃለ መጠይቁ አዲስ አበባ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ያውም ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ። መንገዱ በፈለግነው ቀን ላይከፈት እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። ለቀጠሮ በዋዜማው ሳይሆን ጥቂት ቀናት ቀድማችሁ ግቡ።

የፈረንጅን ሰዓት በእኛ ሰዓት ማንበብ

መነሻው 9:00 ተብሎ ሲጻፍ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። ይህን የማያውቅ የለም ትሉ ይሆናል፤ በድካምና በአዲስ አገር ግን አእምሮ ወደ ለመደው ይመለሳል። ከዚህ የሚብሰው የሰዓት ለውጡ ነው። በአውሮፓ ሰዓት የሚቀየረው በመጋቢትና በጥቅምት የፈረንጅ ወራት የመጨረሻ እሑድ ሌሊት ነው፤ የፍራንክፈርት ማራቶንም ብዙ ጊዜ የሚውለው በዚያው የጥቅምት እሑድ ነው። ኒው ዮርክ የሚሮጠው በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ነው፤ አሜሪካ ሰዓቷን ወደ ኋላ የምትመልሰውም በዚያው ሌሊት። ስልካችሁ ራሱን እንዲያስተካክል አድርጉት፤ የሆቴሉንም ሠራተኛ እንዲቀሰቅሳችሁ ጠይቁ።

ለእንቅልፍም ርቀቱን አስሉ። በርሊን በመስከረም ከእኛ የሚለየው በአንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ቶኪዮ ግን በስድስት ሰዓት ይቀድመናል። ለቶኪዮ በዋዜማው መድረስ ተኝቶ እንደ መሮጥ ነው።

ከፋርማሲ እንዳገኙ መዋጥ

ሲያስነጥሰን የጉንፋን፣ ጉልበት ሲያመን የሕመም ማስታገሻ ገዝተን መዋጥ ለምደናል። ለሯጭ ግን ይህ ልማድ አደገኛ ነው። ትራማዶል የተባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውድድር ወቅት የተከለከለ ነው። በአንዳንድ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥ ያለው ፕሱዶኤፌድሪን ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ያስቀጣል። እብጠትና ቁጣ ለማብረድ የሚሰጠው ደክሳሜታዞን፣ የሚዋጠውም የሚወጋውም፣ በውድድር ወቅት ክልክል ነው። «ሳላውቅ ነው» ማለት ነጻ አያወጣም፤ ሕጉ በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂ የሚያደርገው አትሌቱን ራሱን ነው። ይዘቱ ያልታወቀ ሥርና ዱቄትም ከዚሁ ይቆጠራል። ስትታመሙ ለሐኪሙ ሯጭ መሆናችሁን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ መድኃኒቱ ግድ ከሆነም በፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን በኩል የሕክምና ፈቃድ ጠይቁ። የስንት ዓመት ልፋት በአንድ ፍሬ ኪኒን ሲጠፋ ማየት አንጀት ያሳርራል።

በአዲስ ጫማ መሮጥ

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው ነው። በባዶ እግር መሮጡን ለምዶት ነበር፤ ያልለመደው ጫማውን ነው፣ ስለዚህ ተወው። ዛሬ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ የጎዳና ውድድር ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በቪየና ማራቶን ኢትዮጵያዊው ደራራ ሁሪሳ አንደኛ ከገባ በኋላ የጫማው ሶል 5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ድሉን ተነጥቋል። ለልምምድ የምታደርጉትን ወፍራም ጫማ ከውድድሩ ለዩ። የውድድሩን ጫማና ማሊያ ደግሞ ወደ ሻንጣ ክፍል አትላኩ፤ በእጃችሁ ያዙት።

ብርዱን መናቅ

«የደጋ ልጅ ብርድ አይፈራም» ይባላል። በ2010 ዓ.ም. ቦስተን ላይ የዘነበው ቀዝቃዛ ዝናብና የፊት ለፊት ነፋስ ግን ከኢትዮጵያም ከኬንያም የመጡ ስመ ጥር ሯጮችን አስቆሟል። ጓንት፣ የክንድ መሸፈኛ፣ መነሻው ላይ ለብሰው የሚጥሉት አሮጌ ሹራብ ያዙ።

በቀለለ ትንፋሽ መታለል

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። እዚህ የለመደ ሯጭ ወደ ቆላማ ከተማ ሲወርድ ትንፋሹ ይቀልለታል፤ የመጀመሪያው 10 ኪሎ ሜትር ጨዋታ ይመስለዋል። ፈተናው ይኸው ነው። ሳንባ ቢቀለውም ጡንቻ በአስፋልት ላይ የሚደርስበት ድብደባ አይቀንስም፤ በሰውነት የተከማቸው ስንቅም ፍጥነት ሲጨምር ቶሎ ያልቃል። ዋጋው የሚከፈለው ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ነው። በውድድሩ ዋዜማ ስብሰባ፣ ፊት ፊት እየሮጡ ፍጥነት የሚያስጠብቁት አሯሯጮች በስንት ፍጥነት እንደሚመሩ ይነገራል፤ ለልምምዳችሁ የሚስማማውን ቡድን ምረጡ እንጂ ከፊተኛው ጋር በእልህ አትሂዱ። በመንገዱ ላይ በሚቀመጥላችሁ የመጠጥ ጠርሙስም በዚያው ዕለት ከሩቅ የሚለይ ቀለም ያለው ጨርቅ እሰሩበት፤ እየሮጡ መጠጣትን ግን አገር ቤት ተለማመዱት። መንገዱ የሚለካው በአጭሩ መስመር ስለሆነ በየመታጠፊያው ወደ ውጭ የሚሰፋ ሯጭ ትርፍ ሜትሮች ይሮጣል።

ጾምና ምግብን ሳያስቡበት መሄድ

የጸደይ ማራቶኖች ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማሉ። በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 27 ሲውል ቦስተን ሚያዝያ 7፣ ለንደን ሚያዝያ 13 ነበሩ። መጾምም ሆነ አለመጾም በውድድሩ ሳምንት የሚወሰን አይደለም፤ ከወራት በፊት ከነፍስ አባታችሁም ከአሰልጣኛችሁም ጋር ተመካከሩ። የምትጾሙ ከሆነ ምስር፣ ሽሮ፣ ኦቾሎኒና በሶ በልምምዱ ወራት በበቂ መጠን ይግቡ። ቋንጣና ቅቤ ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች መግባት ክልክል ነው፤ ደረቅ የበሶ ዱቄት ያዙና በሆቴሉ ውኃ በጥብጡት።

ውልን ሳያነቡ መፈረም

ሽልማት በመድረሻው መስመር ላይ አይታደልም፤ ብዙ ጊዜ የአበረታች ቅመም ምርመራው ውጤት እስኪወጣ ይቆያል። አሜሪካ ነዋሪዋ ያልሆነ ሰው ከሚያገኘው ሽልማት ላይ በመደበኛው 30 በመቶ ግብር ታስቀራለች። ይህን የማያውቅ ልጅ የጎደለውን ሁሉ ማናጀሩ የበላው ይመስለዋል፤ የሚበላ ማናጀርም በዚሁ አለማወቅ ይሸሸጋል። ከመፈረማችሁ በፊት ውሉን ወደ አማርኛ አስተርጉሙ፤ ድርሻው ከግብር በፊት ይሁን ከግብር በኋላ የሚሰላው በጽሑፍ ይስፈር፤ ገንዘቡ በራሳችሁ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይግባ፤ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ የተቀነሰውን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁና ቅጂውን ከእናንተ ጋር አስቀሩ።