«በወር ስንት ነው?» ብላችሁ ብቻ ቤት አትግዙ

ሰሞኑን ደሴ ነበርኩ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር አክስቴ ቤት፣ ገና ቶናው ሳይቀዳ፣ ዲቪ የደረሰው ልጇ «እዚያ ቤት በወር ስንት ይከፈልበታል?» አለኝ። እሱስ ገና ቪዛ አልተመታለትም። የሚገርመኝ አሜሪካ አሥር ዓመት የኖሩትም የሚጠይቁኝ ይህንኑ መሆኑ ነው። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

የተለመደው የ30 ዓመት ብድር ነው። 300,000 ዶላር በ6 ከመቶ ወለድ ብትበደሩ በወር 1,799 ዶላር ገደማ ትከፍላላችሁ። በ7 ከመቶ ከሆነ 1,996። «ለ200 ዶላር ነው ይህ ሁሉ ወሬ?» ትሉ ይሆናል። 360 ጊዜ እኮ ነው የምትከፍሉት! ተደምሮ ልዩነቱ 71,000 ዶላር ይመጣል። በ7 ከመቶ የሚከፈለው ወለድ ብቻውን 418,000 ዶላር አካባቢ ነው፤ ከተበደራችሁት ይበልጣል።

ወለዱ የሚታሰበው በቀረው ዕዳ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ አካባቢ የምትከፍሉት ወለድ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ 1,996 ውስጥ የመጀመሪያው ወር ላይ 1,750ው ወለድ ነው። ዕዳውን የሚነካው 246 ብቻ። ሦስት ዓመት ከፍሎ «ባንኩ ሰረቀኝ» የሚል ሰው አውቃለሁ። ማንም አልሰረቀውም፤ የፈረመውን አላነበበም።

እኔም አላነበብኩም። በ2018 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) 280,000 ዶላር ስበደር ብድሩን ያስጨረሰልኝ የወሎ ልጅ ነበር። በወር 1,317 ሲለኝ ደስ አለኝ። ወለዱ 3.875 ከመቶ፣ ግን አድጀስተብል፣ ማለትም ለ5 ዓመት ብቻ የማይነካ፣ ከዚያ ከገበያው ጋር የሚለዋወጥ። «አብሽር፣ ከዚያ በፊት ትሸጠዋለህ» አለኝ። የአገር ልጅ አብሽር ሲል ማን ጥያቄ ያበዛል? አምስቱ ዓመት የሐረጎን ቁልቁለት በዜሮ ማርሽ እንደመውረድ ነው። መኪናው ራሱ ይሄድላችኋል፤ ጉዱ ያለው ኩርባው ላይ ነው። በ2021 ጃንዋሪ የ30 ዓመት ፊክስድ (እስከ መጨረሻው የማይለወጥ) ብድር አማካይ ወለድ እስከ 2.65 ከመቶ ወርዶ ነበር። ያኔ ሪፋይናንስ አድርጌ፣ ማለትም አሮጌውን ብድር በአዲስ ቀይሬ፣ ወደ ፊክስድ መዞር ነበረብኝ። «የእኔም ዝቅተኛ ነው» ብዬ ተኛሁ። በ2023 ወለዴ በአንዴ ወደ 5.875 ከመቶ ዘለለና ክፍያዬ 1,609 ገባ። ሪፋይናንስ ላድርግ ስል አማካዩ ኦክቶበር ላይ 7.79 ደርሷል። በዓመቱ የእኔው እንደገና ጨመረ። ልጁን ስደውልለት ሥራ ቀይሯል። አድጀስተብል የሚጠቅመው ሰው አለ፣ መቼ እንደሚሸጥ በእርግጥ የሚያውቅ። እኔ አላውቅም ነበር፤ እናንተም አታውቁም።

ስለዚህ ቢያንስ ሦስት አበዳሪ ጠይቁ። ስታመለክቱ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ሎን ኢስቲሜት የሚባል የብድሩን ወለድና ወጪ የሚዘረዝር ባለ 3 ገጽ ወረቀት የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ጎን ለጎን አስቀምጡና ወለዱ ፊክስድ መሆኑን፣ ፖይንት (ወለዱ እንዲቀንስ አስቀድሞ የሚከፈል ገንዘብ) አስከፍለው አሳንሰውት እንደሆነ እዩ። ክሬዲቴ (የብድር ታሪኬ ነጥብ) ይጎዳል ብላችሁ አትፍሩ፤ በ45 ቀን ውስጥ ለሞርጌጅ፣ ማለትም ለቤት ብድር፣ የሚደረግ የክሬዲት ማጣራት እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው። ክሬዲት የሚጎዳው ክሎዚንግ (የመጨረሻው ፊርማ) ሳይደርስ መኪና በብድር መግዛት ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው አሁንም አለ፣ ምን ይባላል?

ወለድ ሐራም ነው ለምትሉ፣ ያለ ወለድ ቤት የሚያስገዙ ድርጅቶች አሜሪካ ውስጥ አሉ። እነሱንም ግን ጠቅላላው ስንት ይመጣል በሏቸው። ስሙ ስለተቀየረ ዋጋው አይቀንስም።

ብድሩን ከወሰዳችሁ በኋላ በየወሩ ትርፍ መክፈል የምትችሉ ክፈሉ። ከላይ ባልኩት የ7 ከመቶ ብድር ላይ በወር 200 ዶላር ብትጨምሩ ወደ 7 ዓመት ቀድማችሁ ትጨርሳላችሁ። ስትልኩ ግን ትርፉ ለዋናው ዕዳ መሆኑን ምረጡ፤ አለዚያ ለሚቀጥለው ወር ክፍያ አድርገው ይይዙባችኋል። እኔ ያንን ለማስተካከል 50 ደቂቃ ስልክ ላይ ሙዚቃ ሰምቻለሁ።