በቀዳዳ የሚጻፍ ፊደል፦ የሞኖታይፕ ኪቦርድ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለፋሲካ ሰሞን ሁለት የዲዛይን ተማሪዎች ከባህር ዳር ደብረ ማርቆስ ድረስ መጡልኝ። ከፌስታል ውስጥ አንድ ጥቅል ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ። ሰፋ ያለ ጥብጣብ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትንንሽ ቀዳዳ፣ በሁለቱም ዳር ደግሞ እንደ ፊልም ጥቅል ተራ የያዘ ቀዳዳ። ካየሁት ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ግን ገና ሲፈታ በድምፁ አወቅኩት።

የሞኖታይፕ ወረቀት ነው፤ ሞኖታይፕ ለማተሚያ የሚሆን የእርሳስ ፊደል የሚያወጣ የድሮ ማሽን ነው። ወጣትነቴን አዲስ አበባ ውስጥ ያሳለፍኩት ከሱ ጋር ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ስለነበርኩ ጽሑፍ ቶሎ አነብ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ከፊደል ለቀማው (የእርሳስ ፊደል በእጅ እየለቀሙ ከመደርደሩ ሥራ) አንስተው ኪቦርዱ ላይ አስቀመጡኝ። ልጆቹ ከአንድ የተዘጋ ማተሚያ ቤት ኪቦርዱንም አግኝተዋል፤ ሊያስነሱት ይፈልጋሉ። እሰየው! ግን በሁለት ቀን ውስጥ ሲሳሳቱ ያየሁት ብዙ ነው፤ ሌላም ሰው እንዳይደግመው ልጻፈው።

የመጀመሪያው ስህተት፦ ታይፕራይተር ነው ብሎ መቀመጥ

ቁልፎች አሉት፤ ሰው ተቀምጦ ይመታዋል። መመሳሰላቸው እዚህ ላይ ያበቃል። ሞኖታይፕ ሁለት ማሽን ነው። አሜሪካዊው ቶልበርት ላንስተን በ1887 (እ.ኤ.አ.) የባለቤትነት መብቱን ያገኘበት ሐሳብ ይሄው ነው፦ አንዱ ማሽን ወረቀት ይበሳል፣ ሌላው ያንን ወረቀት እያነበበ የቀለጠ እርሳስ አፍስሶ ፊደል በፊደል ያወጣል። ኪቦርዱ ላይ ቀለም የለም፣ ሪባን የለም፣ የጻፍከውን የምታይበት ነገር የለም። የምታየው ቀዳዳ ብቻ ነው።

ስለዚህ ረቂቁ ሳይታረም ኪቦርዱ ላይ አትቀመጡ። «እየጻፍኩ አስተካክለዋለሁ» የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም። ቁልፉንም አትደብድቡት። ወረቀቱን የሚበሳው የእናንተ ጣት አይደለም፤ ከኮምፕረሰር የሚመጣ የታመቀ አየር ነው። ጣታችሁ በሩን ይከፍትለታል እንጂ ጉልበቱ የሱ ነው። ከልጆቹ አንዱ ቁልፉን በኃይል ሲጫነው እኔን አመመኝ።

ጥቅሉን «ማስተካከል»

ይሄ ትልቁ ነው፤ ትንሽ ታገሱኝ።

ልጆቹ ጥቅሉን ከውጭው ጫፍ ፈተው መጀመሪያውን መፈለግ ያዙ። ሲያጡት ጊዜ «ተገልብጦ ተጠቅልሏል» ብለው እንደገና ሊጠቀልሉት ተነሱ። ቆይ አልኳቸው። ወረቀቱ ኪቦርዱ ላይ እየተበሳ ሲጠቀለል መጨረሻ የተጻፈው ውጭ ላይ ይቀራል፤ ጥቅሉ እንዳለ ወደ ማፍሰሻው ማሽን ይሄዳል፤ ማፍሰሻውም ከመጨረሻው ፊደል ጀምሮ ወደ መጀመሪያው ያነባል። ስህተት አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው።

ለምን? መስመሩ በግራም በቀኝም እኩል እንዲያልቅ በቃላቱ መካከል ያለው ክፍተት መስፋት ወይም መጥበብ አለበት። በስንት እንደሚሰፋ የሚታወቀው ግን መስመሩ ተጽፎ ሲያልቅ ነው። ኪቦርዱ እያንዳንዱን ፊደል በስፋቱ እየቆጠረ ይደምራል (ሙሉው ስፋት 18 ክፍል ነው፣ ቀጭኑ ፊደል ትንሽ ይወስዳል፣ ወፍራሙ ብዙ)፣ መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወል ይደውላል፣ ጸሐፊው የክፍተቱን ልክ በመጨረሻ ይበሳል። ማፍሰሻው ከኋላ ስለሚጀምር ያ ልክ መጀመሪያ ይደርሰዋል። ክፍተቱን አውቆ ነው ፊደሉን ማፍሰስ የሚጀምረው። እኔ ይሄን ሲያስረዱኝ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እንዲህ ያለ ብልሃት በወረቀትና በአየር ብቻ!

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አንዴ የፈሰሰ ወረቀት ማፍሰሻው ላይ በሌላ እንዝርት ስለሚጠቀለል መልሶ ካልተጠቀለለ ዙሩ ይገለበጣል። ስለዚህ መጋዘን ውስጥ የተገኘ ጥቅል ፊቱ ወዴት እንደሆነ በግምት አይታወቅም። የመስመሩን ልክ የሚናገሩትን ቀዳዳዎች ፈልጉ፤ እነሱ ያሉበት ወገን የመስመሩ መጨረሻ ነው።

ሁለቱን ቁጥሮች ማገላበጥ

ደወሉ ሲደውል ፊት ለፊት ካለው ከበሮ መሰል ጥቅል ላይ ሁለት ቁጥር ታነባላችሁ፤ እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 15። እነሱን በቀዮቹ ቁልፎች ትበሳላችሁ። አንዱ ቁጥር ክፍተቱን በደረጃ 0.0075 ኢንች ያንቀሳቅሳል፣ ሌላው በ0.0005 ኢንች ብቻ። አንዱ ጭልፋ ነው፣ ሌላው ማንኪያ።

እኔ አንድ ቀን ደክሞኝ 3 እና 8 የሚለውን 8 እና 3 አድርጌ በሳሁት። ልዩነቱ በአንድ ክፍተት 0.035 ኢንች ነው፤ ምንም አይመስልም። ስምንት ክፍተት ባለበት መስመር ግን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፣ መስመሩ ከሳጥኑ አልገባ ብሎ ማሽኑ ቆመ። የማፍሰሻው ሠራተኛ ምንም አላለኝም፤ መስመሩን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። እርሳሱ ገና ይሞቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ድምፅ አውጥቼ ሳላነብ በስቼ አላውቅም። እናንተም ጩኹ፤ አያሳፍርም።

ሰሌዳውን ከወረቀቱ መለየት

ወረቀቱ ላይ «ሀ» የሚባል ነገር የለም። ፊደል ማለት ቦታ ነው። አብዛኛው ፊደል በሁለት ቀዳዳ ይነገራል፤ አንዱ ረድፉን፣ አንዱ ዓምዱን። ማፍሰሻው ውስጥ የፊደል ቅርጽ የተቀረጸባቸው የነሐስ ቁርጥራጮች የተደረደሩበት ሰሌዳ አለ፤ አየሩ በቀዳዳው ሲያልፍ ሰሌዳው ሄዶ ትክክለኛው ቅርጽ ከእርሳሱ አፍ ላይ ይቆማል። ሰሌዳው ሲቀየር ያው ቀዳዳ ሌላ ፊደል ይሆናል። የአንዱን ወረቀት በሌላው ሰሌዳ ብታፈሱት አንድ ገጽ ሙሉ የማይነበብ ነገር ነው የምታገኙት።

ለኛ ፊደል ነገሩ ይብሳል። የድሮው ሰሌዳ 15 በ15 ነው፤ 225 ቦታ። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231! ገና ቋን፣ ሟን፣ ቁጥሩን፣ አራት ነጥቡን ሳንነካ አልፏል። በኋላ 15 በ17 መጣ፣ 255፤ ከዚያ 16 በ17፣ 272። እሱም ለኛ ጠባብ ነው። ስለዚህ የትኛው ፊደል ሰሌዳው ላይ እንደሚቀመጥና የትኛው በእጅ እንደሚገባ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል፤ ውሳኔውም በአንዲት ወረቀት ላይ ተስሎ ይቀመጣል። የማሽኑ ነፍስ ያቺ ወረቀት ናት። ከማተሚያ ቤት ማሽን ስታነሱ መሳቢያውን ሁሉ ፈትሹ። ልጆቹ ኪቦርዱን ይዘው ወረቀቷን ትተዋት መጡ፤ ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከቴሌታይፕሴተር ጋር ማምታታት

ጠባብ ሆኖ በአንድ ረድፍ ቢበዛ ስድስት ቀዳዳ ያለው ወረቀት ካጋጠማችሁ ሞኖታይፕ አይደለም። መስመር በመስመር የሚያፈስሰውን ሊኖታይፕን በወረቀት ለማዘዝ የመጣ ነው፤ በ1928 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካዋ ሮቸስተር ከተማ ለሕዝብ ታየ። እሱ ከፊት ወደ ኋላ ነው የሚነበበው። የተሳሳተ ፊደል ሲኖር ስድስቱንም ቀዳዳ በስተው ያልፉታል፤ ማሽኑ ዘሎት ይሄዳል። በሞኖታይፕ ግን ፊደሉ አንድ አንድ ሆኖ ስለሚወጣ ስህተቱ ከፈሰሰ በኋላ በእጅ ይነቀላል፣ ትክክለኛው ይተካል። የፊደል ለቃሚ ሙያ ሞኖታይፕ ቤትም ያልጠፋው በዚህ ነው።

ወረቀቱን ጣና ዳር ማስቀመጥ

ባህር ዳር ክረምት ላይ እንዴት እንደሆነች ለባህር ዳር ልጅ አይነገርም። ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል። በዳርና በዳር ያሉት ቀዳዳዎች ከማሽኑ ጥርስ ጋር ካልገጠሙ መካከሉ ሁሉ ይንሸራተታል። በፌስታል አትጠቅልሉት፤ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። ካርቶን ውስጥ፣ ከወለል ከፍ አድርጋችሁ፣ ግድግዳ ሳይነካ አስቀምጡት። ከተቀደደ በፕላስተር አትለጥፉት፤ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ የተደፈነ ቀዳዳ ደግሞ ሌላ ፊደል ነው። በካውያም አትተኩሱት። (አንደኛው ልጅ አስቦት ነበር።)

የአገራችን ቁም ጸሐፊ ብራናውን ከመጻፉ በፊት ዳርና ዳሩን በወስፌ ይበሳል፤ መስመሩን የሚያሰምረው በነዚያ ቀዳዳዎች ነው። አሮጌ መጽሐፍ ስትገልጡ ዳሩ ላይ ታዩታላችሁ። ይሄን ለልጆቹ ስነግራቸው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ እስከዚያ ድረስ በአንድ እጅ ነበር።

ሰሌዳው ስለሌለ አሁን በመቁጠር ላይ ነን። መስኮቱ ላይ ለጥፈን (ወረቀቱን አይደለም፣ ፎቶውን) ከክፍተት ቀጥሎ በብዛት የሚመጣውን የቀዳዳ ጥንድ እናጣራለን። «የ» ወይ «በ» መሆን አለበት፤ ከክፍተት በፊት የሚበዛው ደግሞ «ን» ወይ «ው»። ባለፈው ቅዳሜ «የ»ን ያገኘን መሰለን። ያ ጥንድ በአንድ ክንድ ወረቀት ላይ 14 ጊዜ አለ። ከዚያ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ቡና ተፈላ፣ ልጆቹም የሚቀጥለውን ክንድ መቁጠር ጀመሩ።