የታፈነና የተጣበቀ የሞተር ሳይክል ማርሚታ እንዴት ይፈታል፣ እንዴትስ ይጸዳል?

ቱ ስትሮክ ሞተር ሳይክል በዝግታ ሲሄድ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ጉልበት ከከዳው፣ ነዳጅ ሲሰጡት ፍጥነት አልጨምር ካለ፣ ድምፁም ከወትሮው ከታፈነ፣ ካርቡራቶሩን ከመበተንዎ በፊት ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ፣ ይመልከቱ። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 ያሉ ቱ ስትሮኮች ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብረው ያቃጥላሉ። ሳይቃጠል የተረፈው ዘይት ከጥላሸት ጋር ተቀላቅሎ መጀመሪያ እንደ ሬንጅ ይለጠፋል፣ ሲቆይ እንደ ከሰል ይጠነክራል።

የብዙዎቹ ማርሚታ ከኋላ በኩል ተስቦ የሚወጣ፣ ዙሪያውን የተበሳሳ የውስጥ ቱቦ አለው። የሚይዘው አንድ ትንሽ ብሎን ነው። ድምፁን የሚያፍነው ይህ ቱቦ ነው፤ ቀድሞ የሚደፈነውም እሱ ነው። ማጽዳቱ ቀላል ነው፣ ከባዱ ማውጣቱ ነው። ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር የማያቃጥለው የፎር ስትሮክ ማርሚታ ግን በአብዛኛው በብየዳ የተዘጋ ስለሆነ ይህ አሠራር አይመለከተውም። እዚያ ውስጥ ዘይት ካዩ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ወይም ቫልቩን ያስመርምሩ።

ማውረድ

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ከሲሊንደሩ ጋር የሚያያዙትን ዳዶዎች ከአንድ ቀን በፊት ዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ይርጩባቸው። በሚፈቱበት ጊዜ መጀመሪያ በጣም ትንሽ ወደ ማጥበቅ ይግፉ፣ ከዚያ ይፍቱ፤ ዝገቱ የሚሰበረው በዚህ ወዲያና ወዲህ ማለት ነው። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ብሎኑ ከአሉሚኒየሙ ሲሊንደር ውስጥ ከተቆረጠ ጥገናው ከማርሚታው ይበልጥ ውድ ይሆናል። ቀጥሎ ከሻንሲው ጋር የሚይዘውን ብሎን ፈትተው ማርሚታውን ያውርዱ። በሲሊንደሩና በማርሚታው መሃል ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ አይጣሉ።

የያዘው ምንድን ነው?

ከመዶሻ በፊት ይህን ይመልሱ። ብዙ ማርሚታ የሚበላሸው ሳይታወቅ በመመታቱ ነው። በባትሪ እያበሩ ቱቦው ከውጭው ቆርቆሮ ጋር የሚገናኝበትን ዙሪያ በሚስማር ይጫሩ። የሚረግፈው ቡናማ ዱቄት ከሆነ ዝገት ነው። ጥቁርና እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ካርቦን ነው። ዝገት በዘይት ይለቃል፤ የደረቀ ካርቦን ግን ዘይት አይገባውም፣ የሚሰነጥቀው ሙቀት ወይም ኮስቲክ ሶዳ ነው።

ሁለቱም ቢሆኑ መያዣው ብሎን ቀድሞ ይወጣል። ብዙ ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ነው፣ የሚፈታውም በ10 ቁልፍ ነው። ጭንቅላቱ እንዳይላጭ ክፍቱን ቁልፍ ትተው ክቡን ይጠቀሙ። ከተቆረጠ መሃሉን በፑንቶ (ሹል መምቻ ብረት) ምልክት አድርገው በ3 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎ በ5 ሚሊ ሜትር መብሻ ይብሱትና ጥርሱን እንደገና ያውጡለት።

*ዝገት ከሆነ፦* ማርሚታውን ጭራውን ወደ ላይ አድርገው ያቁሙና መገናኛውን በዝገት ማስለቀቂያ ዘይት፣ ከሌለም በነጭ ጋዝ ያርሱት። በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ይድገሙ፣ በየጊዜውም ዙሪያውን በእንጨት መዶሻ ቀስ ብለው ይምቱ። መንቀጥቀጡ ዘይቱን ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

*ካርቦን ከሆነ፦* ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን ያልነካው ማርሚታ መሆኑን ያረጋግጡ። የነካውን ማሞቅ ፍንዳታ መጥራት ነው። ከቤትና ከነዳጅ ርቀው፣ የውጭውን ቆርቆሮ የመጨረሻ 10 ሴንቲ ሜትር ዙሪያውን በጋዝ ነበልባል ለሁለት ሦስት ደቂቃ ያሙቁ። ውጭው ሲሰፋ ውስጡ ገና ስላልሞቀ መሃላቸው ያለው ካርቦን ይሰነጠቃል። ጭሱን አይተንፍሱ።

አሁን ቱቦውን ቆልፎ በሚይዝ ፒንሳ ይያዙ፤ አፉ ላይ ቀዳዳ ካለው ደግሞ ጠንካራ ብረት ያስገቡ። አይሳቡ፣ ያዙሩ። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ። አንዴ ከዞረ የቀረው ቀላል ነው። ዞሮም አልወጣ ካለ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ብረት ጫፉን እንደ ሜንጦ አጥፈው ቱቦው ላይ ያንጠልጥሉት፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ ዳዶ ያስሩ፤ ብረቱ ላይ የሚንሸራተት 1 ኪሎ ያህል ክብደት ወደ ዳዶው ደጋግመው ይወርውሩ። ከንፈሩን በመሮ መምታት ግን ጠርዙን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያወጣው መቁረጫ ብቻ ነው።

ማጽዳት

የወጣውን ቱቦ ብቻውን የከሰል ፍም ላይ ያስቀምጡ፤ ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ ከነካው አስቀድመው በሳሙና አጥበው ያድርቁት። ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን ቆይቶ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ፣ ውሃ አይንካው። ካርቦኑ አመድ ይሆናል፤ መታ መታ አድርገው በሽቦ ብሩሽ ይፈትጉት። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ይክፈቱ፣ ግን አያስፏቸው። ሙሉውን ማርሚታ እሳት ውስጥ መጣል የተለመደ ቢሆንም አንመክረውም፤ ቆርቆሮው ይጣመማል፣ ብየዳውም ይሰነጠቃል።

ለዋናው አካል ኮስቲክ ሶዳ ይሻላል። በፕላስቲክ ባልዲ 5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ቀድተው 500 ግራም ሶዳ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። ሁልጊዜ ሶዳው ወደ ውሃው ነው፤ ውሃ ሶዳው ላይ ካፈሰሱ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። የጎማ ጓንትና የዓይን መከላከያ ግድ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ታጥቦ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። የማርሚታውን አንዱን አፍ በእንጨት ውታፍ ይድፈኑ፣ ይሙሉት፣ ሌላኛውን ክፍት ተውት፣ ሌሊቱን ይደር። በማግስቱ ጥቁሩን ፈሳሽ ከደፉ በኋላ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ደጋግመው ያጠቡ። ሶዳ ቀለም ይልጣል፣ አሉሚኒየም ይበላል፤ ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝም የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ የአሉሚኒየም ዕቃ አይንካው፣ ወደ ሲሊንደሩም አይቅረብ። ውስጡ የመስታወት ጥጥ ያለበት ማርሚታ ላይም አይሠራም።

የሲሊንደሩን የጭስ መውጫ አይርሱት፤ እሱ ከተተወ ልፋቱ ግማሽ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ደርሶ ቀዳዳውን በጎኑ እስኪከድን ሞተሩን በእጅ ያዙሩት። የሚታየውን የፒስተን ገጽ ስስ ግራሶ ቢቀቡት ፍርፋሪውን ይይዝልዎታል። ካርቦኑን በጠንካራ እንጨት ይፋቁት። ካቻቪቴ ፒስተኑን ይጭረዋል። ሲጨርሱ ግራሶውን ከነፍርፋሪው በጨርቅ ይጥረጉ።

መግጠም

የመዳብ ጓርኒሲዮን ካልተቀደደ ቀይ እስኪሆን አሙቀው ውሃ ውስጥ ቢነክሩት ይለሰልስና እንደገና ያገለግላል። የውስጥ ቱቦውን አንገትና የብሎኑን ጥርስ ሙቀት የሚችል የመዳብ ግራሶ ይቀቡ፤ በሚቀጥለው ጊዜ በእጅ እንዲወጣ የሚያደርገው ይህ ነው። ሁሉንም ብሎኖች መጀመሪያ በእጅ ይያዙ፣ ከዚያ የሲሊንደሩን ዳዶዎች፣ መጨረሻ የሻንሲውን ያጥብቁ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ማርሚታው ተወጥሮ ይቀመጥና በንዝረት ይሰነጠቃል። የውስጥ ቱቦውን አውጥቶ መንዳትም ጩኸት ብቻ አይደለም፣ የነዳጅና የአየሩን ሚዛን ያዛባል፣ ሞተሩንም ሊያግል ይችላል።

በወራት ውስጥ እንደገና ከተደፈነ መንስኤው ሌላ ቦታ ነው። የራሱ የዘይት ፓምፕ ያለው ሞተር ቤንዚን ታንከር ውስጥ ተጨማሪ ዘይት ሲደረግበት ዘይቱ እጥፍ ይሆናል፤ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ተቀላቅሎ በሚቀዳው ላይ ደግሞ 1 ለ 50 ማለት ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ 1 ለ 25 ማለት 40 ሚሊ ሊትር ነው፤ የትኛው እንደሚገባ የሞተሩን መመሪያ ይዩ እንጂ በግምት አያፍስሱ። የመኪና ሞተር ዘይትም የቱ ስትሮክን ዘይት አይተካም። የቆሸሸ የአየር ማጣሪያም ያው ጥፋት ያመጣል።

ሞተሩ ሲነሳ ለጥቂት ደቂቃ ከወትሮው በላይ ቢያጨስ የቀረው ዘይት እየተቃጠለ ነው። ከ50 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሲሊንደሩን ዳዶዎች አንድ ጊዜ ደግመው ያጥብቁ፤ አዲስ የተቀመጠ ጓርኒሲዮን ሲግል ይረግጥና ዳዶዎቹን ያላላቸዋል።