ተማሪው ይዛወር ወይስ ይድገም? የፈተና ውጤትን አመዛዝኖ የመወሰን ዘዴ

በአራት ኪሎም ሆነ በፒያሳ አካባቢ ባሉ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምር ስም ጠሪ መምህር፣ ሰኔ ላይ ሮስተሩን (የክፍሉን ተማሪዎች ውጤት ማጠቃለያ ሰንጠረዥ) ሞልቶ ሲጨርስ፣ «ተዛውሯል» ወይም «ይደግማል» ብሎ ከመጻፉ በፊት ማርክ ሊስቱን (የየትምህርቱን የነጥብ ዝርዝር) እንደገና ማመሳከር ይኖርበታል። በተለይ ለማለፍ ጥቂት የጎደላቸው፣ 48 ወይም 49 አማካይ ያላቸው ተማሪዎች የተከታታይ ምዘና ነጥባቸው ከማጠቃለያ ፈተናው ጋር በትክክል መደመሩን በእጅ አስልቶ ማረጋገጥ ተገቢ ነው (ኮምፒዩተሩም ቢሆን የሚደምረው የተሰጠውን ቁጥር ብቻ ነው)።

ቀጥሎ ሁለቱ ሴሚስተሮች ለየብቻ ይታዩ። ከ41 ወደ 57 ያደገ ተማሪና ከ57 ወደ 41 የወረደ ተማሪ አማካያቸው እኩል 49 ቢሆንም፣ ለመጀመሪያው የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ሊበቃው ሲችል፣ የሁለተኛው ግን ወላጅ ተጠርቶ ምክንያቱ ሊጣራ ይገባል። ችግሩ በአንድ ትምህርት ብቻ ከሆነ የፈተና ወረቀቱ ወጥቶ የሳታቸው ጥያቄዎች ይለዩ፤ ሒሳብ ላይ ክፍልፋይ ያቃተውን ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከማስደገም ክፍልፋዩን ማስተማር፣ በእኔ እምነት፣ ይበልጣል።

በ6ኛና በ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ስላለ ውሳኔው የትምህርት ቤቱ ብቻ አይደለም። በሌሎቹ ክፍሎች ውሳኔው ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ የሚደግም ተማሪ ወላጅም ካርድ ከመታደሉ በፊት ይነገረው።