በክረምት ማለዳ ወፎችንና ጫጩቶቻቸውን እንዴት መመልከት ይቻላል?

ክረምት ሲገባ የጠዋት የእግር ጉዞውን የሚያቋርጥ ሰው ብዙ ነው፤ ጭቃውም ብርዱም ያሰንፋል። ወፍ ማየት ለሚወድ ሰው ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ካለው ጊዜ የሚበልጥ የለም። ዝናቡ አባጨጓሬውንና ትሉን፣ ኋላም የሣሩን ፍሬ ስለሚያበዛ በደጋው አገር ብዙ ትንንሽ ወፎች የሚፈለፍሉት በዚህ ወቅት ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚወርድ ማለዳው ለእግረኛ ይተርፋል።

መጀመሪያ ቦታና ሰዓት ይምረጡ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ ጫጩቶቹ ሌሊቱን ሳይበሉ ስለሚያድሩ ወላጆቻቸው በዚያ ሰዓት ፋታ የላቸውም። እንጦጦ ወይም ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል መሄድ ከቻሉ መልካም። እኔ ግን የቆየ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢን አስበልጣለሁ። ጥዱና ወይራው ሳይቆረጥ የኖረ ነው፤ ወፎቹም ነጠላ የለበሰ ሰው አዲስ ስላልሆነባቸው ቶሎ አይበረግጉም። የሩቅ ማያ መነጽር ካለዎት ይያዙ፤ ባይኖርዎትም አይቅሩ።

ቀጥሎ ከዓይን ይልቅ በጆሮ ይፈልጉ። ጫጩት ከመታየቱ በፊት ይሰማል፦ ቀጭን፣ አንድ ዓይነት፣ እየደጋገመ የሚነዘንዝ ጩኸት ነው፤ ወላጅ ምግብ ይዞ ሲቀርብ ድንገት ይበረታል። ይህን ሲሰሙ እርምጃዎን ያቁሙ። አንድ ዛፍ አጠገብ አሥር ደቂቃ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ግቢውን ሁሉ ከዞረው ይልቅ ብዙ ያያል።

ከዚያ ምንቃር ይመልከቱ። አባጨጓሬ ይዛ ሳትውጠው የምትበር ድንቢጥ የምትወስደው ለልጆቿ ነው። ድንቢጥ ራሷ ፍሬ ለቃሚ ብትሆንም ጫጩቶቿን በብዛት የምትመግበው ነፍሳት ነው። በዓይንዎ ይከተሏት፤ በእግርዎ ግን አይከተሏት። ምግቡን እንደያዘች ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ከጮኸችና ወደ ጎጆዋ ካልገባች የፈራችው እርስዎን ነውና ወደ ኋላ ይመለሱ። ጎጆ ለማየት ቅጠል መግለጥማ ለቁራና ለድመት መንገድ እንደ ማሳየት ነው።

ከጎጆ የወጣ ጫጩትን ከትልቁ መለየት ከባድ አይደለም። ጅራቱ አጭር ነው፤ የአፉ ጥግና ጥግ ቢጫና ወፈር ያለ ነው፤ አንዳንዴ በራሱ ላይ ጭገር የመሰለ ለስላሳ ላባ ይቀራል። ወላጁ ሲመጣ ክንፉን እያንቀጠቀጠ አፉን ይከፍታል። ከቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ከሣር የተጠለፈ፣ ወደ ታች የተንጠለጠለ ጎጆ ካዩ ሣር እየጠለፉ ጎጆ የሚሠሩ ቢጫ ወፎች ነው፤ ሣሩን የሚጠልፈውም በአብዛኛው ወንዱ ነው። እዚያ ዛፍ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ ከእሷ ፈጽሞ የማይመሳሰል ጫጩት ስትመግብ ካገኙ ዓይንዎን አይጠራጠሩ፦ ከኩኩ ወገን የሆኑ አንዳንድ ወፎች እንቁላላቸውን በሌላ ወፍ ጎጆ ጥለው ይሄዳሉ፤ አሳዳጊዋም የራሷ መስሏት ትደክማለች። እርግብ ደግሞ ለየት ትላለች፤ ጫጩቷን የምትመግበው ከራሷ ጉሮሮ የሚመነጭ ወተት መሰል ምግብ ስለሆነ ክረምትን መጠበቅ የለባትም።

መሬት ላይ ጫጩት ካገኙስ? ላባ ለብሶ የሚዘል ከሆነ አይንኩት፤ መብረር እየተማረ ነው፤ ወላጆቹም እርስዎ እስኪሄዱ ቅርብ ቦታ ይጠብቃሉ። መንገድ መሐል ከሆነ ብቻ አንስተው አጠገቡ ያለ ቁጥቋጦ ላይ ያኑሩት። ላባ ያላወጣና ዓይኑ ያልተገለጠ ከሆነ ግን የወደቀ ነው፤ ጎጆው ከታየዎት ይመልሱት። ሰው የነካውን ጫጩት እናቱ ትተወዋለች የሚባለው ለአብዛኞቹ ወፎች እውነት አይደለም። ወተት ወይም የራሰ ዳቦ ግን አይስጡት። በሰፈርዎ ጫጩቶች መውጣት ከጀመሩ ድመትዎን ጠዋት ጠዋት ቤት ውስጥ ያቆዩ፤ ወንጭፍ የያዙ ልጆችን ካገኙም ከመቆጣት ይልቅ ጎጆውን ከሩቅ ያሳዩአቸው።